ጉና ላይ የማይወልደው ነቀዝ

ነቀዝ ፎቅ ይወጣል። አትሳቁ፣ ይወጣል! እኛ የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከኛ በላይ ያለው ቆርቆሮውና እግዜር ብቻ ነው። ውሃ እንኳ እዚህ ድረስ መውጣት ሰልችቶት በጄሪካን ተሸክመን ነው የምናወጣው። ነቀዝ ግን ወጥቶ የቤት ባለቤት ሆኗል። ሽሮዬ ውስጥ አለ፣ ማካሮኒው ውስጥ አለ፣ ባለፈው ደግሞ ነጠላዬን ሳራግፍ ሁለት ወደቁ። ከእኔ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሊሳለሙ ነበር መሰለኝ።

እኔ ብርነሽ እባላለሁ። ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የተማሪ ምግብ አብሳይ ነኝ። ሳይነጋ ወጥቼ የታክሲ ሰልፍ እይዛለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ሰው የሚያህል ብረት ድስት ሳማስል እውላለሁ፣ ማታ ያንኑ ሰልፍ ቆሜ፣ ያንኑ ደረጃ ወጥቼ እገባለሁ። ቤቴ ስደርስ የምመኘው እግሬን ሰቅዬ ትንሽ መቀመጥ ነው፤ ሌላ አምሮት የለኝም። ታዲያ አንድ ማታ እንዲህ ደክሞኝ ገብቼ ለራት ማካሮኒውን የፈላ ውሃ ውስጥ ብጨምረው ጥቁር ጥቁሩ ተንሳፈፈ። ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለነቀዝ ማልቀስ! እናቴ ብታየኝ ምን ትለኝ ነበር።

የነቀዙ ባለቤት የባሌ አባት፣ አባባ አስረስ ናቸው። እሳቸው ይህን ሲሰሙ ይቆጣሉ። "ነቀዙ ካንቺ ዱቄት ነው የመጣው፣ የኔ ገብስ ንጹሕ ነበር" ይላሉ። እኔ ደግሞ "ከአገር ቤት ተደብቆ ተሳፍሮ ነው" እላለሁ። ይህ ክርክር ዓመት ሊሞላው ነው፣ ዳኛም አላገኘም።

አባባ ከጉና ተራራ ግርጌ ናቸው። ጉና ደጋ ነው፤ በታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጥቶ የሚያድርበት አገር። ባለቤታቸው እማማ አማከለች ካረፉ በኋላ ብቻቸውን ሲኖሩ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት በጥር አገሩ ታወከና ተኩሱ መንደራቸው አፋፍ ድረስ መጣ። ባሌ ማኑሄ በስልክ ለምኖ፣ ተቆጥቶ፣ መልሶ ለምኖ አመጣቸው። ሌላው ሰው ከአገር ቤት ሲመጣ ማር ይዞ ይመጣል፣ ቢጠፋ ቢጠፋ ቅቤ አይጠፋም። እሳቸው ግማሽ ኩንታል ገብስ በማዳበሪያ ይዘው መጡ። ማኑሄ የሚኒባስ ሾፌር ነው፣ ዕቃ መጫን ማውረድ አዲሱ አይደለም፤ እሱ እንኳ በየፎቁ እያረፈ ነው ያወጣው።

እኔም ምራት ነኝና እንኳን ደህና መጡ ብዬ፣ ውሃ አሙቄ እግራቸውን አጠብኩና "አባባ፣ ገብሱን ለበሶ ላስፈጨው?" አልኳቸው። ምን አጠፋሁ? ልጃቸውን ላስፈጭ ያልኩ ያህል ደንግጠው አዩኝ።

"ልጄ፣ ይህ ዘር ነው። ዘር አይበላም። ለሰኔ ይዤው እገባለሁ" አሉ።

በዚያው ሰሞን ታናሽ ወንድማቸው አምሐ ከአገር ቤት ደወለ። ቤቱ ከነጎተራው ነዷል። የአባታቸው የአያታቸው ዘር የነበረው ያ ነጭ ገብስ በሙሉ አመድ ሆኗል። የጎረቤቱም እንዲሁ። "ዘር ብሎ ነገር የቀረው አንተ ጋ ያለው ብቻ ነው፣ ጠብቀው" አለ አምሐ። ከዚያን ቀን ወዲህ አባባ ሳሎን ውስጥ ፍራሻቸውን ከማዳበሪያው አጠገብ አስጠጉና አንድ እጃቸውን እላዩ ላይ ጣል አድርገው መተኛት ጀመሩ።

ሰኔ መጣ፣ መንገዱ ዝግ ነበር። የሚቀጥለውም ሰኔ መጣ፣ መንገዱ ዝግ ነበር።

እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ይባላል። ሁለት ዓመት የቆየ እንግዳ ምን እንደሚባል የነገረኝ የለም። አባባ ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ኧረ በጭራሽ! ቤት ውስጥ መኖራቸው እንኳ የማይታወቅ ሰው ናቸው። ሳይነጋ ተነሥተው ዳዊታቸውን ይደግማሉ። ከዚያ በዱላቸው ያን ሁሉ ደረጃ ወርደው ግቢ ውስጥ ይቆሙና ሰማዩን ያያሉ። መኪና ማቆሚያው ላይ ዝናብ ቢመጣ ባይመጣ ለማን ምን ይጠቅማል? እሳቸው ግን በየቀኑ ያዩታል። ተመልሰው ይወጡና "ዛሬ ደመናው ውሸታም ነው" ብለው ይነግሩኛል፣ እኔ ጫማዬን እየፈለግኩ። አንድ ክረምት ከግቢው ጥግ ሁለት ጭብጥ ገብስ ዘርተው ነበር፣ ዘሩን ለማደስ ብለው። በቀለ፣ አማረ፣ ሊያሸት ሲል የብሎኩ ጥበቃ ሣር መስሎት አጨደው። አባባ ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም።

አሁን ስለ ነቀዙ ልንገራችሁ። ባለፈው ክረምት የመጀመሪያውን ያየሁት እኔ ነኝ። ከማዳበሪያው አፍ ላይ አንዲት ሩዝ የማታህል፣ አፍንጫዋ የረዘመ ጥቁር ነገር ስትሄድ አየሁና ጠራኋቸው። ሳቁብኝ።

"ተያት፣ ምንም አታመጣ። ጉና ላይ ነቀዝ ልጅ ሳይወልድ ነው የሚያረጀው።"

እውነታቸውን ነው፣ እዚያ ልጅ አይወልድም። ጀሞ ግን ጉና አይደለም። ክረምቱና የጥቅምት ብርድ እስካለ ድረስ ያቺ ነገር ብትኖርም የለችም ማለት ይቻላል፤ በሳምንት አንድ ሁለት ብናይ ነው። ዘንድሮ የካቲት ሲገባ ግን ያ ከራሳችን በላይ ያለ ቆርቆሮ ይግል ጀመር። ቀን ቤት ውስጥ መቀመጥ አይቻልም፣ ማታም ግድግዳው የዋለበትን ሙቀት መልሶ ይተፋብናል። እኛ በላብ ስንጠመቅ እነሱ ሠርግና ምላሽ ሆነላቸው። በየካቲት መጨረሻ ስንት እንደነበሩ ትዝ ይለኛል፣ በጣት ይለቀሙ ነበር። በመጋቢት አጋማሽ ማዳበሪያው ላይ ጆሮዬን ብደግን ሲንኮሻኮሹ ይሰማኝ ነበር። እግዚኦ! እህል ድምፅ አውጥቶ ሲበላ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

አባባ በአባታቸው ሥርዓት ተነሡባቸው። በአገራቸው ነቀዝ ሲታይ እህሉ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ጤዛ ሳይነካው ማታ ትኩሱን ተሰብስቦ ጎተራ ይገባል፣ አለቀ። እሳቸውም ማዳበሪያውን በትንሽ በትንሹ እየቀነሱ፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ደረጃውን ወርደው ሲሚንቶው ላይ ያሰጡታል። ነቀዙ ሲሞቀው ከውስጥ ይወጣና ይሮጣል፣ እሳቸው በወንፊት ይነፉታል፣ ንጹሕ ይሆናል። ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ትኩሱን ሰብስበው፣ ማዳበሪያው ውስጥ ጨምረው፣ አፉን ጥፍር አድርገው ያስሩና ይዘውት ይወጣሉ። ደስ ብሏቸው ያድራሉ። በሳምንቱ ሲፈቱት ከበፊቱ እጥፍ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ደግሞ ያሰጡታል። ደግሞ ትኩሱን ያስሩታል። ሲወጡ ሲወርዱ ጉልበታቸው አበጠ። እኔ ማታ ማታ ቅባት እያሸሁላቸው "አባባ፣ ይተዉት" እላለሁ፤ ማን ሰምቶኝ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ከእኛ ፊት ለፊት የምትኖረው አስቴር የሆሳዕና ልጅ ናት፣ ጀሞ ገበያ እህል ትሸጣለች። ጴንጤ ናት፤ አባባን "ጌታን ይቀበሉ" ትላቸዋለች፣ እሳቸው "ከተቀበልኩት ስንት ዘመኔ፣ አንቺ ሳትወለጂ" ይሏታል፣ ተሳስቀው ይለያያሉ። አንድ ማታ አባባ ትኩሱን ገብስ ሲያስሩ አገኘቻቸውና እጇን ሰደደች።

"ውይ አባባ! ምን እያደረጉ ነው? እየቀፈቀፉላቸው እኮ ነው!"

"ምን አልሺኝ?"

"ሞቆ የለም እንዴ? እጅዎን ይክተቱበት!" የኔንም እጅ ይዛ ከተተችው። እውነትም ትኩሳት እንደያዘው ልጅ ግንባር ይግላል። "ማደጎ እያሳደጉ ነው። ፀሐይዋ የምታባርረው ትልልቁን ነው። እንቁላሉና ትሉ ግን ገብሷ ሆድ ውስጥ ተቀብሯል፣ ወንፊት አያወጣውም። ጉና ላይ ማታ ብርዱ ይመጣና ቀጥ ያደርገዋል። እዚህ ምን ይመጣል? እርስዎ ሙቀቱን ቋጥረው ያስተኙታል፣ እሱም ወር ሳይሞላ አድጎ ይወልዳል፣ የወለደውም ይወልዳል። ሲበዙ ደግሞ በራሳቸው ትንፋሽ ያሞቁታል።"

አባባ አሰሩት። ግን ሲያስሩ እጃቸው ዘገም ማለቱን አየሁ። ያን ሁሉ ሳምንት ጉልበታቸው እስኪያብጥ የደከሙት ለማን እንደሆነ ገብቷቸዋል።

አንዳንዱ ሰው የነቀዝ ክኒን ጨምሩበት አለን። ሰው የተኛበት ክፍል ውስጥ ያ ክኒን አይገባም፣ ቤተሰብ የጨረሰ መርዝ ነው፤ እኔ ቆሜ አይሆንም አልኩ። አስቴር ግን ሌላ መላ ነበራት። የኔን ፍሪጅ በጣቷ ኳ ኳ አደረገችና "አባባ፣ ጉናን ፍለጋ ሩቅ ምን አስኬደዎት? ጉና ይኸው እዚህ የለም እንዴ? ደረቅ ዘር ፍሪዘር ቢገባ አይሞትም። የሚሞተው ነቀዙ ነው፣ ከነእንቁላሉ" አለች።

አባባ ከተቀመጡበት ተነሡ። እንደዚያ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም።

"ዘር ሬሳ ነው ወይ? አማከለችን ከሆስፒታል ስረከብ ከእንዲህ ያለ የብረት ሣጥን ነው ስበው ያወጡልኝ። እጇን ያዝኩት። ከወንዝ እንደወጣ ድንጋይ ነበር። ከዚያ የወጣ ነገር ተመልሶ አይበቅልም! እኔ በሕይወት ቆሜ ዘሬ እዚያ አይገባም።"

አስቴር አፏን ይዛ ወጣች። ማኑሄ ወደ መሬት አየ። እኔም በቃ፣ ይብላው አልኩ በሆዴ። እውነቱን ልናገርና ደክሞኛል። ሳሎኔን እፈልገዋለሁ። ንጹሕ ማካሮኒ መብላት እፈልጋለሁ። ደግሞም ይህ ሰውዬ ያለዚያ ገብስ አገሩ እንደማይገባ፣ አገሩ ካልገባ ደግሞ እዚች ሳሎን ውስጥ ሰማይ እንዳየ እንደሚያልቅ ይታየኛል። ከዚህ ሁሉ የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም።

በሚቀጥለው እሑድ አባባ መካኒሳ ቅዳሴ ሲሄዱ ማዳበሪያውን ፈታሁት። ወገቤ እስኪቆረጥ ነፋሁ፣ ለቀምኩ። ደህና ደህናውን በሃይላንድ ሞላሁ፤ ውሃ ጠጥተን የጣልነው ፕላስቲክ ሁሉ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ለገብስ ሆነ። አራት ሃይላንድ ሞላና ክዳኑን አጥብቄ ዘጋሁት፤ ማዳበሪያውን እንደነበረው መልሼ አሰርኩት። ከፍሪዘሩ ሥጋዬን አውጥቼ ለአስቴር ሰጠሁና ገብሱን በምትኩ አጋደምኩት። ማኑሄ ማታ በረዶ ሊያወጣ ከፍቶ አየውና ዞሮ አየኝ። "ዝም በል" አልኩት። ዝም አለ፤ ከአባቱና ከሚስቱ መሃል የገባ ወንድ ከዚህ ሌላ ምን ያደርጋል?

አንድ ቅዳሜ መብራት ጠፍቶ ውሎ አደረ። ፍሪዘሩ ይሟሟል ብዬ ነፍሴ ልትወጣ! በሩን ማንም እንዳይከፍት ከልክዬ ፍሪጁን በብርድ ልብስ ጠቀለልኩት። አባባ ቆመው አዩት።

"ምነው፣ በረደው እንዴ?"

"አዎ፣ አሞታል" አልኳቸው። ምን ልበል?

ግንቦት አጋማሽ ላይ አምሐ ደወለ። መንገዱ ተከፍቷል፣ አውቶቡስ መግባት ጀምሯል። ጎጆ ቀልሷል፣ መሬቱንም ደግሞ አርሶታል። "ለሰኔ ድረስ፣ ዘሩን ይዘህ ና" አለ። አባባ ስልኩን ይዘው "እሺ፣ እሺ" አሉ። ከዚያ በኋላ ግን በየሳምንቱ ገብሱን ካላበጠሩ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው ማዳበሪያውን ፈሩት። ዞር ብለው ያልፉታል። እጃቸውንም ሳይጥሉበት መተኛት ጀመሩ።

እኔም ፈርቻለሁ። የዘጋሁት ነገር ይኑር ይሙት በምን አውቃለሁ? "ከዚያ የወጣ ተመልሶ አይበቅልም" ያሉት ቃል ጆሮዬ ላይ ቀርቷል። ስልኩ በተደወለበት ማታ አንድ ጭብጥ ከፍሪዘሩ አውጥቼ እርጥብ ጨርቅ ላይ አፈሰስኩ፣ ሌላ እርጥብ ጨርቅ አለበስኩትና ሳህኑን ፍሪጁ ላይ ሰቀልኩት። ጠዋትና ማታ ጨርቁን አርሰዋለሁ። ገልጬ ለማየት ግን ወኔው አልነበረኝም፣ ሳላየው አርሰዋለሁ።

ቅዳሜ አባባ ማዳበሪያውን ፈቱ። ወለሉ ላይ አንሶላ አንጥፈው ገለበጡት። የወጣው ዱቄትና ገለባ ነበር፣ ገብስ መልክ ያለው ባዶ ቅርፊት፤ በመሃሉ ነቀዙ ይርመሰመሳል። ተቀምጠው በጣታቸው እየለዩ ይለቅሙ ጀመር። ተያቸው አልኩ ለራሴ፣ ይለቅሙ። ከረፋድ እስከ ምሳ ለቅመው ያገኙት አንድ ሳህን አልሞላም። ከዚያም አንዷን በጥፍራቸው ሲሰነጥቋት ውስጧ ነጭ ትል ተኮራምቷል።

"ጨርሰውታል" አሉ። ሳህኑን ሰጡኝ። "ቁይው።"

"ምን አሉኝ አባባ?"

"ቆሎ አድርጊው። ማኑሄ፣ አንተ ደግሞ አጎትህ ጋ ደውልና አይጠብቀኝ በለው። ባዶ እጄን ሄጄ የሰው ዘር ልለምን? የአባቴን እርሻ በሰው ዘር ልሸፍነው? እዚሁ ነኝ።"

"ዘር አይበላም ብለውኝ አልነበረም?"

"ዘር ሲሆን ነዋ። አሁን ቀለብ ነው።"

ሳህኑን ይዤ ማድ ቤት ገባሁ። አልቆላውም! ምጣዱን ጣድኩና ቆምኩ፣ እጄ እምቢ አለ። በጓሮ በር እንዳልወጣ ኮንዶሚኒየም ጓሮ የለው፤ ሳህኑን በነጠላዬ ሸፍኜ በፊታቸው አልፌ አስቴር ቤት ገባሁ፣ የሳቸውን እዚያ አስቀመጥኩና ከምትሸጠው ነጭ ገብስ በልኩ ይዤ ተመለስኩ። ቆላሁት፣ ሙልጭ አድርጌ አበጠርኩት፣ ጨው ነካ አድርጌ አቀረብኩላቸው።

አባባ ቢበዛ ስድስት ጥርስ ቢኖራቸው ነው። ከነዚያ በአንዱ ቆረጠሙ። አቆሙ። ደግመው ቆረጠሙ።

"ይህ የማን ነው?"

"የእርስዎ ነው እንጂ፣ የማን ይሆናል?"

"ብርነሽ፣ ጥርስ ሳላበቅል ጀምሮ የበላሁትን ገብስ ምላሴ ይስተዋል? ይህ የገበያ ነው። የኔን የት አደረግሽው?"

እኔ እንግዲህ ብዙ ጊዜ ታግሼ አንድ ጊዜ ነው የምፈነዳው። ያን ጊዜ ፈነዳሁ። "ፍሪዘር ውስጥ ነው!" አልኩ እየጮህኩ። "አዎ፣ እዚያ ሬሳ ሣጥን ያሉት ውስጥ! ከመጋቢት ጀምሮ! ሥጋዬን አውጥቼ፣ ወገቤ ተቆርጦ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ያስታመምኩት እሱን ነው! ይቆጡኝ ከፈለጉ፣ ይርገሙኝ!" ሄጄ የፍሪዘሩን በር በርግጄ ከፈትኩት። አራቱ ሃይላንድ በረዶ አልብሷቸው ተጋድመዋል። እንባዬ ይወርዳል፣ ከንዴት ይሁን ከድካም አላውቅም። ማኑሄ ስልኩን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል።

አባባ ዱላቸውን ይዘው ተነሡና መጡ። ቆመው አዩ። እጃቸውን ዘረጉ፣ መለሱ፣ እንደገና ዘረጉና አንዱን ሃይላንድ ያዙት። አልለቀቁትም።

"ይበርዳል" አሉ።

"አውቃለሁ አባባ። እንደ እማማ እጅ…"

"አይደለም። እንደሷ አይደለም።" ሃይላንዱን ወደ ጉንጫቸው አስጠጉት። "በታኅሣሥ ጠዋት ጎተራ ውስጥ እጅሽን ስትሰጂ እንዲህ ነው። ልክ እንዲህ ነው።"

ያን ጊዜ ሳህኑን ከፍሪጁ ላይ አወረድኩ። ከዚህ በላይ መፍራት ሰለቸኝ። ጨርቁን ራሳቸው ገለጡት። ከእያንዳንዷ ገብስ ሥር ነጭ ነጭ ሥር ወጥቶ ጨርቁን ነክሶታል፤ ጥቂቶቹ አረንጓዴ አፍንጫ አውጥተዋል። አባባ ጎንበስ ብለው አዩት፣ በጣታቸው ዳሰሱት። ማኑሄ "አባባ፣ አልደውልም አይደል?" አላቸው። እኔ ሳህኑን ይዤ ቆሜያለሁ፣ በምን ቃል እንደሚመርቁኝ እየጠበቅኩ። ሁለት ዓመት አብስዬ፣ አጥቤ፣ ጉልበት አሽቼ፣ አንድ ምርቃት አይቀርብኝም መቼም።

ቀና ብለው ከኋላዬ ወደ ተከፈተው ፍሪዘር አዩና በዱላቸው ወለሉን መቱት።

"በሩን ዝጊው እንጂ፣ ልጄ! ዘሩ ይሞቃል እኮ!"